የጦስኝ አተካከልና እንክብካቤ

ጦስኝ (ጦሲኝ ተብሎም ይጻፋል) በኢትዮጵያ ደጋና ውርጭ አገሮች በተፈጥሮ የሚበቅል፣ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚያድግና ለብዙ ዓመት የሚኖር መዓዛማ ዕፅ ነው። ቅጠሉ ለሻይ፣ ለሽሮና ለበርበሬ ቅመም እንዲሁም ለባህላዊ መድኃኒትነት ያገለግላል። በሰሜን ሸዋ ከጣርማበር እስከ መንዝ ባለው ከፍታ፣ በሰላ ድንጋይና በአካባቢው፣ በድንጋያማ ተዳፋቶችና በግጦሽ መሬቶች ላይ ይገኛል። ለገበያ የሚቀርበው ጦስኝ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከሜዳ ነው። ይሁን እንጂ ተክሉ ከቁራጭ በቀላሉ ስለሚራባ በጓሮ፣ በበረንዳ ወይም በመስኮት ዳር ማብቀል ይቻላል። በሜዳ ላይ ያለው ጦስኝ ከነሥሩ እየተነቀለ በሚመናመንበት በዚህ ጊዜ፣ በጓሮ መትከል ለቤት ፍጆታም ለተክሉ ህልውናም ይጠቅማል።

ስያሜና ዝምድና

ጦስኝ የሚመደበው ናና፣ በሶብላ፣ ዳማከሴና የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) በሚገኙበት የዕፀዋት ቤተሰብ ውስጥ ነው። የዚህ ቤተሰብ አባላት ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ባለው ግንዳቸው፣ ትይዩ ሆነው በሚወጡት ቅጠሎቻቸውና ከንፈር በሚመስለው አበባቸው ይታወቃሉ። መዓዛቸውም በቅጠላቸው ላይ ካሉ ጥቃቅን የዘይት ዕጢዎች የሚወጣ ነው። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ሽታው የሚበረታው እነዚህ ዕጢዎች ስለሚፈነዱ ነው።

በኢትዮጵያ ጦስኝ በሚለው ስም የሚጠሩት ዝርያዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ታይመስ ሺምፔሪ ሲሆን በሸዋ፣ በወሎ፣ በጎንደርና በባሌ ከፍታዎች ይገኛል። ሁለተኛው ታይመስ ሴሩላተስ በትግራይ፣ በወሎ፣ በጎጃምና በጎንደር ደጋዎች ይበቅላል፤ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው በመሆኑ ከመጀመሪያው ይለያል። ሁለቱም ከኢትዮጵያና ከአጎራባቹ የኤርትራ ደጋ ውጭ በተፈጥሮ አይገኙም። በዓለም ዙሪያ ግን በዚሁ ወገን ውስጥ ከ200 በላይ ዝርያዎች ይቆጠራሉ። ከእነርሱ ይበልጥ የታወቀው በሜድትራኒያን ባሕር ዳርቻ አገሮች የሚበቅለውና ዘሩ በየአገሩ የሚሸጠው የአውሮፓ ጦስኝ ነው።

ሺምፔሪ የሚለው ስም ጀርመናዊውን የዕፀዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐርን ያስታውሳል። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ አብዛኛውን ዕድሜውን በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ያሳለፈ ሲሆን፣ የሰበሰባቸውን በርካታ ዕፀዋት ወደ አውሮፓ ልኳል።

የተክሉ ባሕርይ

ጦስኝ ቁመቱ አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። ቁጥቋጦ በሚጠለልበት ወይም ከብት በማይደርስበት ቦታ ግን ይረዝማል። ቅርንጫፎቹ በመሬት ላይ እየተዘረጉ ምንጣፍ የመሰለ ሽፋን ይሠራሉ። የተኛው ቅርንጫፍ እርጥብ አፈር ሲነካ ከአንጓው ላይ ሥር ያወጣል፤ ይህ ባሕርይ ተክሉን ለማራባት ዋናው መንገድ ነው። የተክሉ እግር ሲያረጅ ይጠነክራል፣ እንጨትነትም ያበጃል። አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከለጋው ክፍል ነው፤ ደርቆ ከጠነከረው እግር ዳግም ማቆጥቆጥ ግን ይከብደዋል።

አበባው ደቃቅ ሆኖ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም አለው። ንቦች በጣም ስለሚወዱት ከቀፎ አጠገብ ቢተከል ይመረጣል። ፍሬው እጅግ ጥቃቅን ነው።

የቅጠሉ ዘይት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች ታይሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ። የትኛው እንደሚበዛ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የባሌው፣ የጣርማበሩና የሌላው ቦታ ጦስኝ በሽታም በጣዕምም አንድ ዓይነት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰላ ድንጋይ አካባቢ ለጦስኝ ያለው ምቹነት

ሰላ ድንጋይ በሰሜን ሸዋ ዞን የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ ሆና አገልግላለች። አካባቢው ገብስ፣ ባቄላና ስንዴ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት ደጋ ነው።

ጦስኝ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 እስከ 4,000 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ስለሚበቅል፣ የአካባቢው ብርድ ለተክሉ እንግዳ አይደለም። ለጀማሪ ተካይ ግን ሦስት ነገሮች ያስቸግራሉ።

የመጀመሪያው ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል። ሥር የሰደደ ጦስኝ ይህን ይቋቋማል፤ ገና ሥር ያላወጣ ቁራጭ ወይም ለስላሳ ችግኝ ግን ይቃጠላል።

ሁለተኛው የክረምት ውሃ ነው። በሰሜን ሸዋ ሜዳማ ቦታዎች ያለው ጥቁር አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ያቁራል። ጦስኝ በሜዳ ላይ ድንጋያማና ተዳፋት ቦታ የሚመርጠው ሥሩ ውሃ ውስጥ መቆየት ስለማይችል ነው። በጓሮ የተተከለ ጦስኝ በክረምት ቢጫ ሆኖ ከሞተ፣ አብዛኛውን ጊዜ የገደለው ብርዱ ሳይሆን ውሃው ነው።

ሦስተኛው በግና ዶሮ ነው። በግ የተክሉን ለጋ ጫፍ ይግጣል፣ ዶሮ ደግሞ አዲስ የተተከለውን ጭራ ታወጣለች። ስለዚህ ችግኙ መሬት እስኪይዝ ድረስ በእሾህ ወይም በድንጋይ ካብ ይከለላል።

የቦታና የአፈር ዝግጅት

ለጦስኝ የሚመረጠው ቦታ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ነው። በጥላ ሥር የተተከለ ተክል ቀጥኖ ይረዝማል፣ ሽታውም ይቀንሳል። ከድንጋይ ካብ ሥር ያለ ቦታ ይበልጥ ይመቻል፤ ድንጋዩ ቀን የሞቀውን ሙቀት ሌሊት ስለሚሰጥ የውርጩን ጉዳት ያለዝባል።

አፈሩ ጥቁርና ውሃ የሚይዝ ከሆነ ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሠራል። የመደቡ ዙሪያ በድንጋይ ይደገፋል፤ ከሥር ጠጠር ይነጠፋል፤ ከላይ አፈር ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ይሞላል። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ቢቀላቀል በቂ ነው። በመደቡ ዙሪያ ውሃ የሚወርድበት ትንሽ ቦይ ይቆፈራል።

ጦስኝ ብዙ ማዳበሪያ አይፈልግም። በመትከያ ጊዜ ጥቂት በደንብ የበሰለ ብስባሽ ከአፈሩ ጋር ማዋሃድ ይበቃል። ትኩስ ፍግ ሥሩን ይጎዳዋል። ከመጠን ያለፈ ማዳበሪያም ቅጠሉን ያበዛል እንጂ መዓዛውን አይጨምርም። በሽሮው ወይም በሻዩ ላይ የሚፈለገው ሽታው በመሆኑ፣ መጠነኛ አፈር ላይ ቀስ ብሎ ያደገ ጦስኝ ይመረጣል።

የማራቢያ መንገዶች

ከቁራጭ። ይህ ይበልጥ የሚመከረው መንገድ ነው። ከጤናማ ተክል ላይ አበባ ያልያዘ ለጋ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይቆረጣል። የታችኛው ግማሽ ቅጠል በጥንቃቄ ይራገፋል። ቁራጩ እርጥብ አሸዋና አፈር በተቀላቀለበት ጣሳ ወይም ሳጥን ውስጥ እስከ ግማሹ ይተከላል። ጣሳው በጥላ ይቀመጣል፤ አፈሩም ሳይጨቀይ እርጥበቱ ይጠበቃል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል። ቁራጩ ቀስ ብሎ ሲሳብ የመያዝ ስሜት ካለውና ጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል ከታየ ሥር ሰዷል ማለት ነው። ሁሉም ቁራጭ ስለማይጸድቅ ከሚፈለገው ቁጥር ከፍ አድርጎ መትከል የተለመደ ነው።

ቅርንጫፍ በመቅበር። በመሬት ላይ የተኛ ቅርንጫፍ ከእናቱ ሳይለይ መካከሉ በአፈር ይሸፈንና ትንሽ ድንጋይ ይጫንበታል። ሥር ሲያወጣ ከእናቱ ተቆርጦ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ቅርንጫፉ እስከዚያ ድረስ ከእናቱ ምግብ ስለሚያገኝ የመሞት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

በመክፈል። ያረጀና የተስፋፋ የጓሮ ጦስኝ ሥሩን እንደያዘ በሁለት ወይም በሦስት ተከፍሎ ይተከላል። መንገዱ ፈጣን ቢሆንም ለዚህ ተብሎ ከሜዳ መንቀል አይገባም።

ከዘር። ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በአፈር አይቀበርም፤ በተስተካከለ እርጥብ አፈር ላይ ተበትኖ በእጅ መዳፍ በቀላሉ ይጫናል። ለመብቀል ብርሃንና መጠነኛ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ችግኙ መጀመሪያ ላይ እጅግ ቀጭን በመሆኑ አረም ይውጠዋል፣ የውሃ ጠብታም ይገለብጠዋል። በዚህ ምክንያት ከዘር ማብቀል ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከሜዳ ላይ ለማራቢያ የሚሆን ጫፍ የሚወስድ ሰው ከአንድ ተክል ጥቂት ጫፎችን ብቻ በመቀስ ወይም በስለታም ቢላ ቢቆርጥ ተክሉ አይጎዳም። በእጅ ጎትቶ መንጨት ግን ሥሩን ያናጋል።

የመትከያ ጊዜ

በሰላ ድንጋይና በመሰል ደጋዎች የመትከያው ጊዜ የሚወሰነው ውርጩና ክረምቱ በሚያልፉበት አኳኋን ነው። ቁራጩ በየካቲትና በመጋቢት በበልግ ዝናብ ጊዜ በጣሳ ቢተከል፣ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ወደ መደብ ለመዛወር ይደርሳል። የክረምቱ ዝናብ ሲጠነክር ሥር ሰዶ ይገኛል፤ በጥቅምት ውርጭ ሲመጣም ጠንክሯል። በሐምሌ የተተከለ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ይበሰብሳል፤ በኅዳር የተተከለ ደግሞ ውርጭ ያገኘዋል።

በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይተዋል። በዚህ ልክ ሁለት ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ስፋት ያለው መደብ 18 ያህል ተክል ይይዛል። መጀመሪያ ባዶ ቢመስልም ምንጣፉ ሲሰፋ ክፍተቱ ይሞላል።

እንክብካቤ

አዲስ የተተከለ ጦስኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፈሩ ደረቅ እንዳይሆን ውሃ ይጠጣል። ከጸደቀ በኋላ ግን ውሃ የሚሰጠው የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ ነው። ውሃው በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በእግሩ ይፈስሳል። ማታ ከማጠጣት ጠዋት ማጠጣት ይሻላል፤ በውርጭ ወራት ማታ የረጠበ ተክል ሌሊቱን ይጎዳል።

አረም በተለይ በመጀመሪያው ዓመት በእጅ ይነቀላል። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ በመቆፈሪያ ጠልቆ መኮትኮት አይመከርም። በእግሩ ዙሪያ ጠጠር መበተን አረምን ይቀንሳል፣ ቅጠሉንም ከጭቃ ይጠብቃል። ከባድ ውርጭ ሲያሰጋ ለጋ ችግኝ ማታ ማታ በገለባ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈናል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ይገለጣል።

ተክሉ 3 ወይም 4 ዓመት ሲሞላው እግሩ ደርቆ መካከሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከጫፉ አዲስ ቁራጭ ወስዶ መተካት ተገቢ ነው።

በቤት ውስጥና በበረንዳ

በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃንና በመሰል ከተሞች ጓሮ የሌላቸው ቤተሰቦች ጦስኝን በበረንዳ ወይም በመስኮት ዳር ማብቀል ይችላሉ። ለአንድ ተክል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማስቀመጫ ይበቃል። የሸክላ ማሰሮ ውሃ በጎኑ ስለሚያስተንፍ ይመረጣል። የዘይት ጄሪካን ተቆርጦ ወይም የወተት ጣሳ ተበስቶም ያገለግላል። ዋናው ነገር ከሥሩ ውሃ የሚወጣበት በቂ ቀዳዳ መኖሩ ነው።

ማስቀመጫው የጠዋት ወይም የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት ይቀመጣል። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ በየጥቂት ቀኑ ይዞራል። ከማስቀመጫው ሥር ያለው ሳህን ውሃ አቁሮ እንዳይቀመጥ ይደፋል። በቤት ውስጥ የሚሞት ጦስኝ በአብዛኛው የሚሞተው በብርሃን ማነስና በውሃ ብዛት ነው።

በቆላና በወይና ደጋ ሙቀት የሚበዛ በመሆኑ ጦስኝ እንደ ደጋው አይመቸውም። በእነዚህ አካባቢዎች ከቀትር ፀሐይ የተጠለለ ቦታ መምረጥ ወይም ሙቀትን በተሻለ የሚችለውን የአውሮፓ ጦስኝ መትከል ይቻላል።

አቆራረጥ፣ ማድረቅና ማስቀመጥ

በመጀመሪያው ዓመት ተክሉ እንዲሰፋ ብዙ አይቆረጥም። ከዚያ በኋላ ማበብ ሊጀምር ሲል ወይም እንደጀመረ መቁረጥ የተሻለ መዓዛ ይሰጣል። ጠል ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ የላይኛው አንድ ሦስተኛ ያህል በመቀስ ይቆረጣል። ለጋው አረንጓዴ ክፍል በተክሉ ላይ መቅረት አለበት፤ እስከ እንጨቱ የተቆረጠ ተክል ላያቆጠቁጥ ይችላል። ለዘር የሚፈለጉ ጥቂት ተክሎች ሳይቆረጡ እስኪያፈሩ ይተዋሉ።

የተቆረጠው ጦስኝ በሰፌድ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ላይ ሳሳ ብሎ ተዘርግቶ በጥላና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይደርቃል። በፀሐይ የደረቀ ቅጠል ቀለሙም ዘይቱም ይጠፋል። ከጭስ አጠገብ ከደረቀ ደግሞ የጭሱን ሽታ ይይዛል። ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ቅጠሉ በእጅ ታሽቶ ከግንዱ ይለያል፣ ይነፋል፣ በደንብ በሚዘጋ ዕቃም ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል።

ጥቅምና ጥንቃቄ

ጦስኝ ብቻውን ወይም ከዝንጅብል ጋር እንደ ሻይ ይፈላል። ደርቆ የተፈጨው በሽሮና በበርበሬ ውስጥ ይገባል። በባህላዊ መድኃኒትነት ለጉንፋን፣ ለሳል፣ ለራስ ምታት፣ ለሆድ ሕመምና ለደም ግፊት ይጠጣል። የዘይቱ ንጥረ ነገሮች ተዋሲያንን የመግታት ኃይል እንዳላቸው በቤተ ሙከራ ታይቷል። ይህ ግን በሰው ላይ በሽታን ይፈውሳል ከማለት የተለየ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን አቁሞ በጦስኝ ሻይ መተካት የለበትም። ነፍሰ ጡር ሴቶችም ለምግብ ከሚሆነው መጠን በላይ ከመጠቀማቸው በፊት ሐኪም ቢያማክሩ ይመረጣል። ከቅጠሉ የወጣው ዘይት እጅግ ጠንካራ ስለሆነ አይጠጣም።

ሥጋትና ጥበቃ

የጦስኝ ተፈላጊነት በከተሞች እየጨመረ መጥቷል፤ ደረቁ ቅጠል በገበያም በታሸገ ሻይ መልክም ይሸጣል። ለሰብሳቢው ከነሥሩ መንቀል ከመቁረጥ ይፈጥናል፤ ክብደቱም ይበዛል። ነገር ግን ምንጣፉ ሲነሣ ተክሉ ይጠፋል፣ በተዳፋቱ ላይ የነበረው አፈርም ለጎርፍ ይጋለጣል። ከማፍራቱ በፊት የተሰበሰበ ጦስኝ ዘር አይጥልም። በዚህ ላይ የእርሻ መስፋፋትና የግጦሽ ብዛት ተጨምሮ፣ ቀድሞ በቅርብ ይገኝ የነበረውን ጦስኝ ለመሰብሰብ ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል።

የጋራ ሀብትን በሥርዓት መጠቀም ለአካባቢው አዲስ አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። በዚህ ሥርዓት መሬቱ ለተከታታይ ከ3 እስከ 5 ዓመታት ያህል ተዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ኅብረተሰቡ ተስማምቶ ይከፍተው ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ የጓሳ መሬት ዛሬ የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ይተዳደራል። ለጦስኝም ተመሳሳይ ስምምነት ማድረግ ይቻላል፤ ከዘር በፊት አለመሰብሰብ፣ ከነሥሩ አለመንቀልና የተሰበሰበበትን ቦታ እያፈራረቁ ማሳረፍ።

ጓሮ ላይ የተተከለ ጦስኝ ግን ስምምነት አይጠብቅም። በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ተክሎች ላይ ምርምር ይካሄዳል፤ በደጋው አካባቢም የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ይሁን እንጂ ሥራው የሚጀምረው ከአንድ መደብ ነው። ከሜዳ የተወሰዱ ጥቂት ጫፎች በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ሻይና ቅመም የሚበቃ፣ ለጎረቤትም ቁራጭ የሚተርፍ ምንጣፍ ይሆናሉ።